የአባባ ነጋ ብርድ

ለውድ እኅቴ፣ ለእታለም ፋና፤

ከሁሉ አስቀድሜ ኃጢአቴን ልናዘዝ። ለአያታችን ለአባባ ነጋ ከጫግኒ የተላከውን ማንጎ የበላሁት እኔ ነኝ። አክስታችን እትዬ ደብሪቱ ልጣጩን አይተው «አባቴ እህል ቀመሱ» ብለው ለጠያቂው ሁሉ አወሩ፤ እኔም ደስታቸውን ላለማበላሸት ዝም አልኩ።

ነፍሴ ቀለል ካላት ዘንዳ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጤናሽስ? ያ ወገብሽ ከስፌቱ ወንበር ጋር ታረቀ ወይስ አሁንም ይጣላሉ? የሐዋሳ ሙቀት ለመደሽ? አብረውሽ የሚያድሩት ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ ደህና ነን ልልሽ ነበር፤ ግን በቤታችን ውሸት ላይ ሌላ መጨመር ደከመኝ።

አባባ ነጋን የመታቸው ብርድ አይደለም። ሳንባቸው ላይ እብጠት ታይቷል። አጎታችን አያ ፀጋው በስልክ «አባቴን ትንሽ ብርድ ነው የመታቸው» ሲሉሽ አጠገባቸው ቆሜ ነበር፤ ስልኩም ከዚያ ወዲህ ከኪሳቸው አልወጣም። በወረቀት የምጽፍልሽ ለዚህ ነው፤ ወደ ፋብሪካችሁ የምትመለሰው የጎረቤታችን ልጅ ምህረቴ ታደርስልሻለች።

ሽማግሌዎቻችንን ብታያቸው። ሆስፒታሉ ግቢ ባሕር ዛፍ ስር ተቀምጠው፣ የድንበር ጠብ የሚሸመግሉ ይመስል፣ «ለበሽተኛ ክፉ አይነገርም» ብለው ፈረዱ። ካንሰር የሚለው ስም ከአፋችን እንዳይወጣ ተገዘትን። በሽታው ብርድ ከተባለ ደግሞ ብርድ መምሰል አለበትና ጋቢ በጋቢ ላይ ደራረቡባቸው፤ ሰውዬው በላብ ሊያልቁ ነው። እትዬ ደብሪቱ «ወፍረዋል እኮ አባባ» ይሉና፣ ፊታቸውን አዙረው በነጠላቸው ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ባለፈው ሌላ ከተማ ሄደን በመርፌ ናሙና ተወስዶላቸው ነበር። ስንት ጠብቀን የመጣው መልስ «አይበቃም» የሚል ሆነ። እዚህ እንጅባራ ግን ማይክሮስኮፑን አልጋው አጠገብ ያስቀምጡታል። መርፌው ያወጣውን እዚያው መስታወት ላይ ቀብተው፣ በቀለም ነክረው ያዩታል፤ ካልበቃ ታካሚው ሳይነሳ ይደገማል።

የአባባ አማርኛ ለገበያ ያህል ስለሆነች አስተርጓሚ ተፈለገ። አያ ፀጋው «እኔ እያለሁ» ብለው ደረታቸውን ነፍተው ገቡ። መርፌውን ሲያዩ ግድግዳ ያዙ፤ ደግፈን አወጣናቸው። እኔ ልገባ ስል ግን ክንዴን ጨምድደው «ዶክተሯ ያለችውን ሁሉ እንዳትነግሪያቸው» አሉኝ።

በአዊኛ «ትንፋሽዎን ይያዙ» አልኳቸው። ዶክተር ማስተዋል በአልትራሳውንዱ እያየች ወጋች። የላቦራቶሪው ባለሙያ ማይክሮስኮፑ ላይ አጎንብሶ «ደም ብቻ ነው፤ ድገሚ» አላት። አባባ ያ ልጅ ምን እንደሚፈልግ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። «የአዘና እህል ነጋዴ ነው በይኛ» አሉ፤ «ጆንያውን ወግቶ፣ እፍኙን አይቶ፣ ካላመነ እንደገና የሚወጋ።» ባለሙያው ስተረጉምለት ሳቀ። በመጨረሻው ናሙና ላይ ብዙ አጎንብሶ ቆየና «ይህ በቂ ነው፤ ቁርጡ በሳምንቱ ይደርሳል» አለ። ከዚያ በኋላ አልሳቀም።

ዶክተሯ ወደ እኔ ዞራ፣ ውጤቱን ራሳቸው መስማት ይፈልጉ እንደሆነ ወይስ ቤተሰብ ይስማላቸው እንደሆነ ጠይቂልኝ አለችኝ። እታለም፣ «ቤተሰብ ይስማ ብለዋል» ብል ማን ያውቅብኝ ነበር? አባባ ግን የጎድን አጥንታቸው ተገጥጦ ዓይን ዓይኔን ያዩኛል። ጥያቄውን እንዳለ ነገርኳቸው። እጄን ያዙ። ከዚያ «መሬቴን ለልጆቼ ሳላካፍል፣ ከወንድሜ ከወገኔ ጋር ሳልታረቅ፣ ብርድ ነው እያሉ ሊሸኙኝ ነው?» አሉ። «እኔው እሰማለሁ። የምትነግሪኝም አንቺ ነሽ።» ለዶክተሯ ይህንኑ አልኳት።

ከዚያ ወዲህ ወጥመድ ውስጥ ነኝ። አያ ፀጋው በገባሁ በወጣሁ ቁጥር «ምን አልሻቸው?» ይሉኛል፤ «ትንፋሽዎን ይያዙ አልኳቸው» እላለሁ። የያዝኩትስ እኔ ነኝ። «አስታማሚ ነሽ» ተብዬ ትምህርቴ ቀርቷል፤ በሩ ላይ ያሉት ዘበኛ እንኳ «አጎትሽ ያውቃሉ?» ሳይሉ አያሳልፉኝም። ብነግራቸው አባታችንን ገደለች ብለው ዘመዱ ሁሉ ይረግሙኛል። ባልነግራቸው ደግሞ እምነታቸውን የጣሉብኝ ሰው እየዋሸሁ ዓይናቸውን ማየት አለብኝ። ውጤቱ ዛሬ ነው፤ ይህን የምጽፍልሽ ደረጃው ስር ተደብቄ ነው።

ብትችዪ ነይ። ካልሆነ ለአያ ፀጋው ደውለሽ «አውቄያለሁ» በያቸው፤ ቢያንስ የሚቆጡን ሁለት እንሁን።

እማ ላሞቹን የምትጥልበት ሰው አጥታ ከጥርባ መምጣት አልቻለችም፤ ስምሽን ሳታነሳ ግን አትውልም። እትዬ ደብሪቱ በእንባቸው መሀል ይስሙሻል። አያ ፀጋውም ሰላም ብለውሻል፤ ከቃላቸው ሰላምታውን ብቻ እመኚ። አባባ ነጋ «ያቺ ልጅ በልታ ታድራለች ወይ?» ይላሉ።

አሁን ዶክተሯ ወረቀት ይዛ ወደ ክፍሉ ገባች። አያ ፀጋው «አስተርጓሚው እኔ ነኝ» ሲሉ ይሰማኛል። አባባ ግን ልጃቸው አጠገባቸው ቆሞ እያለ፣ ባለቻቸው ትንፋሽ ሁሉ «ዋጋዬ፣ ዋጋዬ» እያሉ ነው። መሄዴ ነው።

እኅትሽ ዋጋዬ
እንጅባራ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.