የአባዬ ስም ያለበት ኩባያ

ለወንድሜ ለዋግዲ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ኩዌት እንዴት ይዛሃለች? ሙቀቱስ በረድ አለ? ሂንድ ደህና ናት? ልጆቹስ? አንተስ ምግብ ይበላልሃል? የዓይንህ ነጩ አሁንም ነጭ ነው? ለወጉ ያህል አይደለም የምጠይቅህ። የእማዬ ዓይን ቢጫ ከሆነ ሰንብቷል። ቤት ታማ ከከረመች በኋላ የተላላፊ በሽታ ሆስፒታል አስገባኋት፤ ሐኪሙ ጉበቷ እየደከመ ነው አለኝ። እሷ ደግሞ «ለዋግዲ እንዳትነግሪው፣ በሰው አገር ይጨነቃል» ብላኛለች። እኔ ግን እንድትጨነቅ እፈልጋለሁ።

ሥራዬን ታውቀዋለህ፤ «የበር እጀታ ሐኪም» እያልክ ትስቅብኝ ነበር። የትራም መያዣውን፣ የባንክ ማሽን ቁልፉን፣ ሰው የሚጋፋበትን መስኮት ሁሉ በጥጥ ጠርገን ቫይረስ እንዳለበት እንመረምራለን። ሰፈራችን በወፍ በሽታ ሲሞላ የምርመራው ተራ መንገድ ዳር ለቆሙት የመጠጥ ውሃ ማቀዝቀዣዎች ደረሰ። ለአባዬ ነፍስ ሰደቃ ይሁን ብለህ አጎታችን ሸሓታ ሱቅ ደጃፍ ያስተከልከው ማቀዝቀዣም አልቀረም። ውሃው ንጹሕ ነው። ቫይረሱን ያገኘሁት በሰንሰለት የታሰረው ኩባያ ላይ ነው፤ «ለሐጅ በዩሚ ፋቲሃ ቅሩላቸው» ተብሎ የተቀረጸበት፣ መንገደኛው ሁሉ ከንፈሩን የሚያሳርፍበት። እማዬ አመሻሽ ላይ፣ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ በእሱ ሳትጠጣና ዱዓ ሳታደርግለት የዋለችበት ቀን አልነበረም።

አጎቴን ኩባያውን እንዲያነሱት በመልካም ቃል ለመንኳቸው። ሱቁ በሰው እንደተሞላ «ስሙልኝ እናንተ! የሐጅ በዩሚ ልጅ የአባቷ ሰደቃ ቆሻሻ ነው ትላለች!» ብለው ጮኹ። አንዲት ሴትዮ «ባል ያጣች ከኩባያ ጋር ትጣላለች» አለች፤ ሁሉም ሳቁ። «ባል ቢኖረኝ በዚህ አላጠጣውም ነበር» አልኳት። 

ውጤቱን ለማረጋገጥ ሌላ ቡድን መጥቶ ኩባያውን ጠረገ። ምንም አልተገኘም። የላብራቶሪው ኃላፊ በሠራተኛው ሁሉ ፊት «እናትሽ ቤት ታማ ተኝታለች አሉ። ቫይረሱን በእጅሽ ይዘሽ የመጣሽው አንቺ ነሽ፤ ኩባያው ምን በደለ?» ብሎ ከሥራ አገደኝ። እጄን ምን ያህል እንደምጠብቅ የሚያውቁት ጓደኞቼ መሬት መሬት አዩ።

እውነቱን የሰማሁት ከራሳቸው ከአጎቴ ነው፤ እንደ ጀብዱ ነበር ያወሩልኝ። ቡድኑ የሚመጣበት ቀን ቀድሞ ተነግሯቸው ስለነበር አሮጌውን ኩባያ አውልቀው አዲስ አሰሩ። ጽሑፉ የት ሄደ ብሎ የጠየቀ የለም። ቡድኑ ሲሄድ አሮጌውን መለሱት። «ብልሃቱ የእኔ እንዳይመስልሽ፤ ወንድምሽ ነው በስልክ የመከረኝ» አሉኝ። አላመንኩም ብዬ ብነግርህ እዋሻለሁ። ወዲያው አመንኩ።

ከዚያ በኋላ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ የምትኖረው ሰይዳ ሁለት ልጆቿን በዚያው ኩባያ ስታጠጣ ከረመች። አሁን ሁለቱም ከእማዬ ክፍል ማዶ ተኝተዋል። ልጆቹ የገቡ ዕለት፣ ሐሙስ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየኝ ሰንሰለቱን ቆረጥኩት። አጎቴ «የአባትሽን ምንዳ ቆረጥሽበት!» ብለው ረገሙኝ። «በስሙ ሰው እንዳይታመም ነው» አልኳቸው። ተፉብኝ።

ኩባያው ከዚህ ደብዳቤ ጋር ደርሶሃል። አፍልቼዋለሁ፣ ክሎሪን ውስጥ ዘፍዝፌዋለሁ፤ የሚጎዳ ነገር የለበትም። ላብራቶሪ መግባት ስለተከለከልኩ ማስረጃ የለኝም። ያለኝ ቃሌ ብቻ ነው፤ ያው አንተ የረገጥከው ቃል። ካመንከኝ ውሃ ቅዳና ጠጣበት። ከፈራህ ደግሞ ስልኩን አንሳና ያደረግኸውን ለኃላፊው ንገረው። ሦስተኛ መንገድ አልተውኩልህም።

ሂንድን ሰላም በልልኝ። ዚያድን ሳምልኝ። ትንሿ ሉጀይን ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ የምትወስድ ናት፤ እሷንም ሳምልኝ፣ ኩባያውን ግን የት እንደምታስቀምጠው አንተ ታውቃለህ። አጎታችን ሰላምታ አልላኩልህም፤ እኔም አልጠየቅኳቸውም። እማዬ ዓይኗን በገለጠች ቁጥር «ዋግዲ ደህና ነው?» ትለኛለች። ለእሷ ስል ደህና ነው እላታለሁ።

እህትህ ራግዳ
ካርሙዝ፣ እስክንድርያ
ኦገስት 12 ቀን 2018