ቁራውን በድንጋይ አባረሩት

አኒስ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል?

እስካሁን ደሜ እንደፈላ ነው የምጽፍልህ። ዛሬ ጠዋት የተፈጥሮ ክበባችን ከደባርቅ በላይ ገደል አፋፍ ላይ ወፍ ለማየት ሲጠብቅ፣ እህቴ ፋሲካ በጣም ትወደው የነበረው ማጅራቱ ነጭ የሆነ ትልቅ ቁራ አጠገባችን አርፎ ጮኸ። አስጎብኚያችን አያ ሰጠኝ ወዲያው ድንጋይ ወርውረው አባረሩት።

«ምነው አያ?» አልኳቸው።

«አንተ ሐዘን ላይ ነህ ልጄ። ቁራ ሐዘንተኛ ፊት ሲጮህ ሸጋ አይደለም።»

የክበባችን አባል ዝናሽ ከኋላ ሆና «እንግዲህ ዛሬ የምናየው ወፍ ሲባረር ነው» አለች። ሁሉም ሳቁ፤ እኔ አልሳቅሁም። እኛ ሰፈር አሞራ ከሉካንዳ ቤቱ ጣሪያ ሲወርድ ማን ድንጋይ ያነሳል?

«ፋሲካን ቆላ ወርዳ ሳንጃ ከተማ ላይ የገደላት ወባ ነው፤ ቁራ አይደለም» አልኳቸው። አያ ሰጠኝ በእጃቸው የቀረውን ድንጋይ ጣሉት። ቁራው ግን አልተመለሰም።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ እየሞላብኝ ነው። እናትህን እትዬ ፈህሚያን ሳምልኝ። እናቴንም ጎራ ብለህ ጠይቅልኝ፤ የቁራውን ነገር ግን አታንሳባት። ፋሲካ ከሞተች ወዲህ እሷም ቁራ በጮኸ ቁጥር በር ትዘጋለች። አያ ሰጠኝን ተቆጣሁ፤ እሷን ምን እላታለሁ?

ሰውአገኝ