ሪያድ ላለ ደም እዚህ ስለተመታ ማኅተም

ከመካነ ሰላም ወጣ ብሎ ለሚገኘው፣ ስሙን ስለ ክብሩ ለማልጠራው ጤና ጣቢያ ኃላፊ፤ ለተከበሩ አቶ ሃሩን።

አሰላሙ ዐለይኩም። አላህ ጤናዎን፣ የማኅተምዎንም ቀለም አያጉድልብዎ።

የልጅ ልጄ ሀናን ከሪያድ ለተመለሰው ለዒምራን ታጭታ ኒካሑ ለፊታችን እሑድ ተቆርጧል። በሰፈራችን ልማድ የሁለቱንም የደም ምርመራ ወረቀት ጠየቅሁ፤ መጣልኝ። ያለ መነጽር የማነብ አሮጊት በመሆኔ አነበብሁት፤ ምስጋናዬንም በቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የዒምራን ወረቀት የዛሬ አራት ዓመት፣ ሊሄድ ሲል የተሰጠው ነው። አጎቱ ሱሌማን ይዘውት ቢመጡ መሥሪያ ቤትዎ እንደ መታወቂያ አድሶላቸዋል። ማኅተሙ የተመታው ሐምሌ አምስት ነው፤ ልጁ አገሩ የገባው ሐምሌ ሃያ ነው። ባሕር ማዶ ያለን ደም ሳይወስዱ ነጻ መሆኑን ማወቅ ለሁሉ የሚሰጥ ዕውቀት አይደለምና አደንቃለሁ። በእኛ ጊዜ መምህራችን ያላየውን ደብተር አያርምም ነበር፤ ኋላ ቀሮች ነበርን።

፪. ይህንኑ ልጠይቅ ብመጣ አልታየች የምትባለው የካርድ ክፍሏ ወይዘሮ «እማማ፣ ምን አስጨነቀዎት? የልጅቱ ደም ነጻ ነው፤ እሱ እንደሆነ ወንድ ነው» ብላ አጽናናችኝ። ወንድነት ከበሽታ እንደሚከላከል በዚህ ዕድሜዬ ስላስተማረችኝ አመሰግናለሁ።

፫. ጤና ጣቢያው በነጻ የሚያድለው ኮንዶም ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ እርስዎ ዘንድ ነው፤ እርስዎ ደሴ፣ ስለ በሽታ መከላከል ሥልጠና ላይ ነዎት። ስሙን በአደባባይ በመጥራቴ ያፈሩብኝ ጎረቤቶች አሉ። እኔ ያፈርሁት የመጡት ጎልማሶች ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ ነው።

ሀናን ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ዒምራንን በምንም አልወነጅልም፤ እሷም ብትሆን እንደገና ትመርመር ብያለሁ። ሁለቱም ክንዳቸውን ዘርግተው ለኤችአይቪ፣ ለቂጥኝና ለጉበት ቫይረስ ሳይመረመሩ ኒካሕ የሚባል ነገር የለም። ይህን ስናገር እጅጌውን ቀድሞ የሰበሰበው ዒምራን ነው፤ «እኔም ወረቀቱን ሳየው ደንግጫለሁ» አለኝ። አሁን የጎደለው ደም የሚወስድ ሰው ብቻ ነው። እስከ ሐሙስ እጠብቃለሁ፤ ከዚያ ልጆቼን ይዤ ደም ወደሚወስድ ሆስፒታል አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

በማያልቅ ትዕግሥትና በተገቢው አክብሮት፣ ምርመራ በማይሻው ማኅተምዎ ዘወትር የምገረም፤

ኑርጃን አበጋዝ

ማሳሰቢያ፦ የሴት ልጅዎ ሠርግ በጥቅምት መሆኑን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ሙሽራው ገና ጅዳ ነው አሉ፤ አጎቱ ግን ወረቀት ይዞ እርስዎ እስኪመለሱ በርዎ ላይ ተቀምጧል። ለእኛ ያደረጉትን ደግነት እንደማይነፍጉት እተማመናለሁ።