የወለሌን መሃል ባዶ ለተዉልኝ ለአቶ ደመቀ

ለተከበሩ አቶ ደመቀ፣
የ«ብርሃን ምንጣፍ» የሴራሚክና የወለል ዲዛይን ቤት ባለቤትና ሥራ አስኪያጅ፣
መርካቶ፣ ከሱቁ በላይ ባለው ቢሮዎ፣ እዚያ ካልተገኙም ሁልጊዜ «አሁን ወጡ» በሚባሉበት ሥፍራ።

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ ጥቂት ቅሬታም ስለ መጨመር

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ሠራተኞችዎና ጅቡቲ ወደብ ላይ ቆሞ የነበረው ኮንቴይነርዎ እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናዎ እንዲበረታ፣ በተለይም ጉልበትዎ እንዲጸናልዎት እመኛለሁ፤ ጉልበት ያልኩበት ምክንያት፣ ቅሬታ ያለው ደንበኛ በመጣ ቁጥር በጓሮ ደረጃ የሚወርዱ ሰው ያለ ጉልበት ንግዱን መምራት ስለማይሆንላቸው ነው። ደብዳቤዬን ግልጽ ያደረግሁትም ፖስታ መግዣ አጥቼ ሳይሆን፣ ስልክ የማያነሳ ሰው የታሸገ ወረቀት ይከፍታል ብዬ ስላልገመትኩ ነው።

ይህን የሚጽፍልዎት ሰው በመላው አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ተወዳዳሪ የሌለው ጸሐፊ ነው። በእርግጥ አዲስ ከተማ ሰፊ ነው፤ በአማኑኤል በኩል እንበል። እዚያም ተማሪ ልጆች ስላሉ፣ በእኛ ግቢ ብለን እንለፈው፤ በግቢያችን ከእኔ ሌላ እስክሪብቶ ይዞ የሚታየው የውሃ ቆጣሪ አንባቢው ነው፣ እሱም ቁጥር እንጂ ፊደል ሲጽፍ አይቼው አላውቅም። ዕድሜዬን በአትክልት ተራ የቲማቲም ሣጥን በሚስማር እየመታሁ ኖሬ፣ ባለቤቴ ሸዋገነት ካረፈች በኋላ ምሽቱ አልገፋ ሲለኝ የማታ ትምህርት ገባሁ። አስተማሪያችን «ጋሼ ወርቁ፣ ደብዳቤ የሚለመደው ለሰው በመጻፍ ነው» ስላለኝና የምጽፍለት ሰው ስላጣሁ፣ ዕጣው በእርስዎ ላይ ወድቋል፤ እንኳን ደስ አለዎት።

እርስዎ ነገሩን ረስተውት ሊሆን ስለሚችል፣ ሌላው አንባቢም ስለማያውቀው፣ ከሥሩ እጀምራለሁ። እኔ የራጉኤል የጽዋ ማኅበርተኛ ነኝ። ማኅበራችን ወር በገባ በአንደኛው ቀን ከቤት ቤት ይዞራል፤ ተራው የደረሰው ሰው ጽዋውን ከቀደመው ተረክቦ ወሩን ሙሉ በቤቱ ያሳድራል፣ ቀኑ ሲደርስም ዳቦና ጠላውን አሰናድቶ ማኅበርተኛውን ያስተናግዳል። የእኔ ተራ የካቲት ነው። በዚያ ቀን ቤቴ ሰው ይሞላባታል፤ ጃንጥላና ከዘራ በበሩ ጥግ ይከመራል፣ ወንበር አልበቃ ብሎ አልጋው ላይ ሳይቀር ይቀመጣሉ፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው «ይማርህ» ይለዋል። በቀረው ዓመት ሳስነጥስ ለራሴ «ይማርህ» የምለው እኔው ነኝ።

ለዚያች ቀን ብዬ ነው፣ የተሰነጣጠቀውን የሲሚንቶ ወለሌን ላሳምር ከገና በፊት ወደ ሱቅዎ የመጣሁት። ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን መስተንግዶ እነሆ በተራ ቁጥር።

አንደኛ፦ ስለ ነፃ የዲዛይን አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። ዲዛይነርዎ ሰልሰቢል፣ አላህ ይስጣትና፣ የቤቴን ልክ ወስዳ በኮምፒዩተር ላይ ቤቴን ሠርታ አሳየችኝ። ወለሉ እንደ ኩሬ ውሃ ያበራል፣ መሃሉ ላይ አራት ሴራሚክ ተገጣጥሞ አንድ ትልቅ አበባ ሆኗል። እኔን ያስደነቀኝ ግን አበባው አይደለም። ሶፋው ላይ ባልና ሚስት ተቀምጠው ይስቃሉ፣ ሁለት ልጆች ወለሉ ላይ ተንበርክከው ይጫወታሉ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት ሴት ሰሃን ይዛ እየገባች ነው። በእኔ ቤት! «እነዚህ እነማን ናቸው?» ብዬ ብጠይቃት «ጋሼ፣ እነሱ ከፕሮግራሙ ጋር ነው የሚመጡት» አለችኝ፤ እኔም ሌላ ጥያቄ ሳልጨምር ተስማማሁ። ዛሬ ወለሉ ተሠርቶ አልቋል፣ ሰዎቹ ግን እስካሁን አልደረሱም። ከዕቃው ተለይተው የሚጫኑ ከሆነ በየትኛው መኪና እንደሚመጡ ቢያስነግሩኝ፣ ወርጄ እቀበላቸዋለሁ።

ሁለተኛ፦ ሴራሚክ አንጣፊዎን ኢርፋንን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። እጁ የተባረከ፣ የልጆች አባት የሆነ ሰው ነው፤ በእሱ ላይ አንዲት ቃል የለኝም። መቁረጫው የሚሠራው በመብራት፣ መብራቱም የሚመጣው በፈረቃ ስለሆነ ሥራው ተጓተተ፤ ሆኖም መብራት በሄደ ቁጥር ኢርፋን መሣሪያውን አስቀምጦ፣ የሲሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጦ ያጫውተኝ ስለነበር፣ በዚህ አገር መብራት ሲጠፋ ደስ የሚለው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ስለዚህ ይህን ከቅሬታው ይቀንሱልኝ።

ሦስተኛ፦ አሁን ወደ ጉድጓዱ እንምጣ። ኢርፋን ዙሪያውን ሁሉ አንጥፎ ሲያበቃ፣ የአበባው ቦታ ባዶ ቀረ፤ አበባው ከኮንቴይነሩ ጋር ጅቡቲ ነው ተባለ። አበባው ሳይገባ ዕቃ እንዳላስገባ፣ ሰውም እንዳይረግጥበት፣ አለዚያ ጠርዙ እንደሚነሳ ኢርፋን አስጠነቀቀኝ። አልጋዬ በጓዳ፣ ቁም ሣጥኔ በግቢ በላስቲክ ተሸፍኖ፣ እኔ በግድግዳው ጥግ ጥግ እንደ ድመት እየሄድኩ ሰነበትኩ። ቀኑ ሲቃረብብኝ ሱቅዎ መጥቼ፣ አበባው ይቅርብኝ፣ ተራ ነጭ ሴራሚክ ድፈኑበትና ማኅበሬን ላውጣ ብዬ ለመንኩ። እርስዎም፣ ያን ዕለት እንደ አጋጣሚ ደረጃው ላይ ስለያዝኩዎት፣ «ጋሼ፣ ሰው ቤትዎን አይቶ ማን ሠራው ቢል የሚጠፋው የእኛ ስም ነው፤ እኛ ዲዛይን አናበላሽም» ብለው መለሱልኝ። ለሥራው እንዲህ የሚቆረቆር ነጋዴ ማግኘት መታደል ነው! ነገር ግን አቶ ደመቀ፣ ሰው ቤቴን አይቶ እንዲጠይቅ በመጀመሪያ ሰው ቤቴ መግባት ነበረበት፤ ይቺን ዲዛይኑ ውስጥ ያሰባት አልተገኘም።

አራተኛ፦ ወሩ ሊገባ ሲል ማኅበርተኛዬና ጎረቤቴ እትዬ አዲስዓለም መጡ። አዲሱ ወለል በአሮጌው ላይ ስለተነጠፈ ከፍ ብሏል፣ ከፍ ስላለም የቤቴ በር ግማሹን ያህል ተከፍቶ ይቆማል፤ እሳቸው ደግሞ፣ እግዚአብሔር ይጨምርላቸው፣ ሙሉ ሴት ናቸው። ከደጅ ሆነው አንገታቸውን ብቻ አስገብተው ጉድጓዱን አዩና «ውይ ጋሽ ወርቁ፣ ይኼ ምን ቤት ነው፣ የውሃ ጉድጓድ ነው? በሉ አይጨነቁ፣ የዘንድሮን እኔ አወጣልዎታለሁ፣ ጽዋውን ወዲህ በሉኝ» አሉኝ። እኔም ጽዋውን በነጠላዬ ጠቅልዬ በበሩ ክፍተት አቀበልኳቸው።

የካቲት አንድ ቀን በእሳቸው ቤት ስንሰበሰብ ደግሞ፣ በዕድሜዬ ከደረሰብኝ ደግነት ሁሉ የከፋው ደረሰብኝ። «ጋሽ ወርቁ ብቻቸውን ናቸው፣ ምን ያንገላታቸዋል፤ ከእንግዲህ መዋጮውን ብቻ ይስጡ፣ ተራቸውን ሌላው ይያዝላቸው» ተባለ፣ ሁሉም «እውነት ነው» አሉ። ክፉ ቢናገሩኝ ኖሮ መልስ አላጣም ነበር፤ የእኔን ምላስ አትክልት ተራ ያውቀዋል። ለሚያዝንልኝ ሰው ግን ምን ተብሎ እንደሚመለስ የማታ ትምህርቱም ገና አላደረሰኝም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ዳቦዬን ቆረስኩ።

አምስተኛ፦ አበባው ወሩ ሊያልቅ ሲል ደረሰ። ኢርፋን ገጠመው፤ ያምራል፣ ይህን አልክድም። በሩንም ራሴው ከሥሩ ቆርጬ አስተካከልኩት፣ ዛሬ ወለል ብሎ ይከፈታል። ይሁን እንጂ ወለልዎ ከመጠን በላይ ስለሚያንሸራትት፣ ሊጠይቁኝ የመጡ አንድ የተከበሩ እንግዳዬ አበባው ላይ ተንሸራትተው በወገባቸው ወደቁ፤ ጩኸቱን ሰምቶ ግቢው በሙሉ ተሰበሰበ፣ ውሃ ያመጣ፣ ወገብ ያሸ፣ «ሐኪም ቤት እንውሰዳቸው»፣ «ኧረ ተዉ፣ ወጌሻ ይሻላል» እያለ የተከራከረ፣ ብቻ ቤቴ እስኪመሽ በሰው ተጨናንቃ ዋለች። ለዚህ ከባድ አደጋ ተጠያቂው ድርጅትዎ መሆኑን በትሕትና አሳስባለሁ።

እንግዲህ በዚህ ሁሉም ስለ መልካም አስተዳደር በሚሰበሰብበት ዘመን፣ እርስዎም ከመቀመጫዎ በላይ «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል በክፈፍ ሰቅለዋልና፣ ንጉሡ አንድ ልመና አለው። ገንዘቤን መልሱልኝ አልልም፤ ቅናሽም፣ የግድግዳ ካላንደርም አልሻም። የምለምነው፣ ሚያዝያ አንድ ቀን ማኅበሩ ሲሰበሰብ ለጥቂት ጊዜ ብቅ ብለው፣ በማኅበርተኛው ፊት «ያዘገየነው እኛ ነን፤ የጋሽ ወርቁ ቤት አልቋል፣ በሩም ይከፈታል፣ ተራቸውን መልሱላቸው» እንዲሉልኝ ነው። እኔ ብናገር ጉራ ነው ይሉኛል፤ በጉራ ስሜ የወጣ ሰው ስለሆንኩ እውነት ስናገር የሚያምነኝ አላገኝም። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሰው ወደ ቤቴ ይምጣልኝ ብሎ በራሱ አፍ መለመን ከሣጥን መምታት ይከብዳል። እርስዎ ግን ሸሚዝዎ የተተኮሰ የታወቁ ነጋዴ ስለሆኑ፣ ከወንበርዎ ሳይነሱ ይታመናሉ።

ምላሽዎን በታላቅ ትዕግሥት፣ ማለትም እርስዎው ባስተማሩኝ ትዕግሥት፣ እየተጠባበቅሁ፣ ሱቅዎ እንዲሰፋ፣ ኮንቴይነርዎም መንገድ እንዳይጠፋው ከልብ በመመኘት፣

ወለልዎን በየማለዳው በእርጥብ ጨርቅ የሚወለውለው አክባሪዎ፣
ወርቁ አንዳርጌ
(በአውራ ጣት አሻራ ሳይሆን በገዛ እጁ የፈረመ)
መጋቢት 2002 ዓ.ም.

ግልባጭ፦
ለእትዬ አዲስዓለም። ማንበብ ስለማይችሉ እኔው ሄጄ አነብላቸዋለሁ፤ እግረ መንገዴን መቀመጫ ምክንያት ይሆነኛል።

ማስታወሻ፦ ይህን መልሼ ሳነበው አንድ የፈጠርኩት ነገር አገኘሁበት፤ ካሣ እጠየቃለሁ ብለው በጓሮ በኩል እንዳይወርዱብኝ አሁኑኑ ላርመው። አበባው ላይ የወደቁ እንግዳ የሉም። ወለልዎ ያንሸራትት አያንሸራትት እስከ ዛሬ አልታወቀም፤ ገብቶ የሞከረው ሰው የለም።