ትዕግሥት ያልመረጠችው የትምህርት መስክ

ዲላ፤ መስከረም ፲፩ ቀን ፳፻፫ ዓ.ም.

ዛሬ ቁጣዬን መቈጣጠር አልቻልሁም። ጎረቤቴ ባለሱቁ ወልዴ፣ ዐሥራ አንደኛ ክፍል የገባችውን ልጁን ትዕግሥትን ያለ ፍላጎቷ በተፈጥሮ ሳይንስ ሊያስመዘግባት መሆኑን ሰምቼ ወደ ሱቁ ሄድሁ። ጡረታ ከመውጣቴ በፊት እኔው ያስተማርኋት ልጅ ናት፤ ከመጻፍ የበለጠ የምትወደው ነገር የለም።

«ጋሼ፣ ታዲያ ፍርድ ቤት በር ላይ ጃንጥላ ሥር ተቀምጣ ማመልከቻ ጸሐፊ ትሁን?» አለኝ።

ከገደብ ከተማ የመጣ አንድ የቡና ነጋዴ ደግሞ «ግድ የለም፣ ጃንጥላውን እኔ እገዛላታለሁ!» ብሎ ሱቁን በሳቅ ሞላው።

ጋዜጠኛ፣ ተርጓሚ፣ የሬዲዮ ድራማ ደራሲ፣ የሕግ ባለሙያ ልትሆን እንደምትችል ዘርዝሬ ነገርሁት። ሚዛኑን መወልወሉን አላቋረጠም። ያን ጊዜ ደሜ ፈላ።

«በእናትህ ቀብር ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ማን ጻፈው? ከጪጩ ድረስ የመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ስቅስቅ ብሎ ያለቀሰው በማን ቃል ነው?»

«እሱ እኮ ለቀብር ነው፣ ጋሼ!»

ለሙት ሲሆን ያስከብራል፤ ለሕያው ሲሆን ያሳፍራል ማለት ነው!

ከመደርደሪያው አጠገብ ቆማ ወደምትሰማን ትዕግሥት ዞሬ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አልኋት። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላ «አባባ ያለው ይሁን» አለች። ከወልዴ መልስ ይልቅ ይህ አንገበገበኝ። ያን ሁሉ ሕዝብ በጽሑፏ ያስለቀሰች ልጅ፣ ስለ ራሷ የምትናገረው ቃል አጣች።

ምዝገባው ነገ ያበቃል። ወልዴ ሱቁን ሳይከፍት ደጁ ላይ ቆሜ እንደገና እሞግተዋለሁ። እርሷ ግን ነገም «አባባ ያለው ይሁን» ካለች፣ የእኔ ሙግት ብቻውን ምን ይፈይዳል?