እጄ የማይደርስበት

ለእትዬ፣

እንደምን ከረምሽልኝ? ልጆችሽስ? ያ ነገረኛ ድመትሽስ? ሁላችሁም ደኅና እንደሆናችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ ስል መብላትም መሥራትም አላቃተኝም ማለቴ ነው፤ የቀረውን ቁጭ ብለሽ አንብቢው።

አምና ጀርባዬ ላይ፣ ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ ከአከርካሪዬ አጠገብ በግራ በኩል፣ ብጉንጅ ወጥቶብኝ ነበር። ብጉንጁ ዳነ፣ ጠባሳው ግን አልቆም አለ። አበጠ፣ ጠነከረ፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ተስፋፋ። ያሳክከኛል፣ ልብስ ሲነካው ይለበልበኛል። ስፌት ቤታችን ልብስ የምትተኩሰው ጓደኛዬ ናት በግድ ሐኪም ቤት የላከችኝ። እሷ ካውያ ያቃጠለው ክርኗ ቆዳው ተኮማትሮ እጇ አልዘረጋ ብሏት፣ በቀዶ ሕክምና ነው የተፈታላት።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ አፏ ግን ጨዋ ነው። ጠባሳ ሁሉ አንድ አይደለም አለችኝ። ጣቶቼ ላይ መርፌና መቀስ የተዉትን ነጫጭ መስመር አይታ፣ እነዚህ ደብዝዘዋል፣ ተያቸው አለች። ጉንጬ ላይ ብጉር የቆፈረውን ደግሞ ሌዘር ያስተካክለዋል፣ ከፈለግሽ ነው እንጂ ግድ የለም አለችኝ። በዚህ ዕድሜዬ ለማን ብዬ ብላት ሳቀች። እኔ አልቀለድኩም ነበር።

የጀርባዬ ግን ኬሎይድ ይባላል። ዝም ብለው ቢቆርጡት ብሶ ይመለሳል። ስለዚህ ውስጡ መድኃኒት እየተወጋ፣ ላዩ ላይ ጠባሳውን ተጭኖ የሚያለሰልስ የሲሊኮን ልጣፍ መዋል ማደር አለበት። ልጣፉን ቦታው ላይ የሚያደርግልሽ ሰው ቤት አለ ወይ ስትለኝ፣ ባለቤቴ አለ አልኳት።

እትዬ፣ ባለቤቴ ትቶኝ ከወጣ ሁለተኛው ክረምት አለፈ። በየደብዳቤው ሰላም ይልሻል የምልሽ እኔው ነኝ። ተጣልተን እንኳ አይደለም፤ ሸሚዞቹን ተኩሼ፣ አጣጥፌ የሰጠሁት በእጄ ነው። ላንቺ መንገር አፈርኩ።

እጄ አልደርስ ሲል፣ ልብስ ሰፊ አይደለሁ፣ መላ ዘየድኩ። ጥብቅ ያለ የውስጥ ልብስ ሰፋሁና ልጣፉን ከውስጥ በኩል አያያዝኩት። ቦታውን የለካሁት መስታወት እያየሁ ነው። ጀርባዬን ሰጥቼ፣ አንገቴን ጠምዝዤ ሳይ ጠባሳው በቀኝ ታየኝ፤ ልብሱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ በቀኝ ሰፋሁት። የስንቱን ሙሽራ ጀርባ ስለካ የኖርኩ ሰው የራሴን ስቼው ቁጭ! ሁለቱ ቦታዎች፣ ከአከርካሪዬ ግራና ቀኝ፣ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ ቆዳዬም አልለየው። ሌት ተቀን ለብሼው ኖርኩ።

ቀጠሮዬ ደርሶ ልብሴን ሳወልቅ ሐኪሟ ጠጋ ብላ አየችው። ደኅናው ቆዳዬ ተጨምቆ ለስልሷል፣ ጠባሳው እንደ ልቡ ወፍሯል። ባለቤትሽ ዓይኑን ያመዋል እንዴ ስትለኝ፣ ልስቅ ብዬ አለቀስኩ። አዲስ ልጣፍ አውጥታ ቦታው ላይ አደረገችና እስኪይዝ ድረስ በመዳፏ ጫን ብላ ቆየች። ጀርባዬን ሰው ሲነካው ምን እንደሚመስል ረስቼው ነበር፤ መዳፏን ባታነሳው ብዬ ተመኘሁ።

አሁን ጠባሳው ስለገፋ ቆርጣ አውጥታው መርፌውን ወዲያው ልትቀጥል ነው። ግን ቁስሉን በየቀኑ የሚያይልሽ፣ ልጣፉን የሚያደርግልሽ ሰው ከሌለ አልነካውም አለች። ማን አለሽ አለችኝ፣ በዚህኛው ጊዜ ዓይን ዓይኔን እያየች። እህቴ ትመጣለች አልኳት። ቀን ቆርጣልኛለች።

ሳላስፈቅድሽ ነው፣ አውቃለሁ። የአንቺም ቤት ሥራ ሞልቶታል። ግን ሌላ የምጠራው ስም አፌ ላይ አልመጣም፤ እባክሽ ውሸታም አታሰኚኝ።

ፈጣሪ ጤናሽን ይስጥልኝ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። እዚህ ቤት ያለው ሁሉ ሰላም ይልሻል። ያለሁት እኔ ነኝ።

ታናሽሽ