ለልጄ «የለም» ይበሉልኝ

አዳማ፥ ግንቦት ፲፱፻፳፪ ዓ.ም.

ይድረስ ከባቡር ጣቢያው ማዶ ላለው የቡናና የቆዳ መጋዘን ሹም፥ ለክቡር ባላምባራስ ሐዲስ።

ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? የወገብዎ ሕመም ተሻለዎ? ቤተሰብዎ፥ በቅሎዎ፥ አዲሱ የድንጋይ አጥርዎ ሁሉም ደኅና ነው? እኔ በቅሎ ጫኝ የነበረው የጆቴ ሚስት፥ ባልቴቷ ዲንቄ፥ ከአዳማ ነፋስና ከልጄ ሐሳብ በቀር ደኅና ነኝ።

ነገሬን በጋዜጣ ማውጣቴን እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ። በደጅዎ የሚቆመው ሰው ብዙ ስለሆነ እልፍኝዎ ለመግባት ዓመታት ይፈጃል፤ ጋዜጣ ግን ከአዲስ አበባ በባቡር በመጣበት ዕለት ማንም ሳይከለክለው ሲገባ ስላየሁ፥ እኔም በእርሱ ጀርባ ታዝዬ ልግባ ብዬ ነው። ፊደል የለየሁት በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር እንጨት ስሸጥ የቄስ ተማሪዎች ሲያነቡ እያየሁና እየሰማሁ ነውና፥ ያጎደልሁት ቢኖር ጥፋቱ በደንብ ያልጮኹት የልጆቹ ነው።

አንደኛ፤ ልጄ መርጋ በመጋዘንዎ ጫኝ ለመሆን ደጅዎን መጥናት ከጀመረ ሦስተኛው ክረምት ሊገባ ነው። በዚህ ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ሥራ ስላላስፈቱት አመሰግናለሁ። የከተማው ሰው ሥራ ፈት እያለ ያማዋል፤ ነገሩን ባያውቅ ነው። የአጥርዎን ድንጋይ ከኮረብታው ያወረደው፥ የጎተራዎን ክዳን ያደሰው፥ በመኸር ጊዜ ጤፍዎን ያጨደው እርሱና አብረውት የሚቆሙት ናቸው። ቅጥር ያላቸው የመጋዘኑ ጫኞች ቀትር ላይ ከግራሩ ጥላ ሥር ሲጋደሙ፥ ቅጥር የሌላቸው እስኪመሽ አይቀመጡም። በአዳማ እንደ ሥራ ማጣት የሚያደክም ሥራ አላየሁም። ጭሰኛ እንኳ ካረሰው ላይ ድርሻ አለው፤ ደጅ ጠኚ ግን ድርሻው ተስፋ ብቻ ስለሆነ፥ ማስቀመጫ ጎተራ አያስቸግረውም። ይህንንም አስበውልን ነው።

ሁለተኛ፤ ስለማያዳላው ፍርድዎ። አማርኛ ለሚናገረው «ነገ»፥ ኦሮምኛ ለሚናገረው «ቦሩ» ይሉታል እንጂ ማንንም በማይገባው ቋንቋ አያሰናብቱም። የጎረቤቴን የፋዲላን ልጅ ዓርብ ይለፍ ይሉታል፤ የእኔን ልጅ እሑድ ይለፍ ይሉታል። እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድነት ባዶ እጃቸውን ይመለሳሉ። እንዲህ ያለ እኩልነት በሌላ ደጅ አልሰማሁም።

ሦስተኛው እንኳ ቅሬታ አይደለም፤ ትዝታ ነው። ያለፈው ጥቅምት መርጋ በወባ ተይዞ ተኛ። ሰውነቱ እየተንቀጠቀጠ፥ ተራዬ ሊያልፈኝ ነው እያለ ከመደቡ ሊነሣ ሲታገል፥ መልሼ አስተኛሁትና ጋቢውን ተከናንቤ ሄጄ በቦታው ቆምሁ። አብረውት የሚቆሙት ወዲያው አወቁኝ። አንደኛው ጠጋ ብሎ፥ «እማማ፥ እርስዎ ደግሞ የትኛውን ሹመት ፈልገው ነው?» አለኝ። ሳቁን ሁላችንም በጋቢያችን ውስጥ ዋጥነው። ነፋሱ አቧራ ያነሣ ስለነበር ሁላችንም እስከ ዓይናችን ተሸፋፍነናል። እርስዎ ወጡና «አንተ፥ ያንን ድንጋይ ወደ በሩ» አሉኝ። ተሸከምሁ። ሌላም አዘዙኝ፤ ተሸከምሁ። ሲመሽ፥ ስናዘግም አይተው ሊያጽናኑን ወደዱና ከሁሉ መርጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ታገሥ እንጂ» አሉኝ፤ «ፊትህን ለይቼ አውቄዋለሁ።»

ቤቴ ገብቼ ለልጄ፥ ባላምባራስ ያውቁሃል አልሁት። ደስ አለው። በማግስቱም ትኩሳቱ ሳይለቀው መሄድ ጀመረ።

አራተኛው በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። ባቡሩ ከመጣ በኋላ በቅሎ የሚያስጭን ጠፍቶ፥ ባሌም ሞቶ፥ እኔና ልጄ ብቻችንን በቀረን ጊዜ፥ አጎቱ ወዬሳ ከአቦምሳ መልእክት ልኮ ነበር። በሬ አለኝ፥ ጉልበቴ ግን ከዳኝ፥ የወንድሜ ልጅ መጥቶ ይረስ፥ መሬቱንም ይውረስ አለ። መርጋ ስንቁን ቋጥሮ ነበር፤ ቋጠሮውን የፈታሁት እኔ ነኝ። አባትህን ያከሰረው ባቡር አንተን ያብላህ እንጂ፥ የሹም ደጅ የቆመ ሰው ተመልሶ ሞፈር አይጨብጥም አልሁት። ያን ጊዜ ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

አሁን ዝናቡ ሊጥል ነው። ወዬሳም ዘንድሮ ካልመጣ መሬቱን ለሌላ አራሽ እሰጣለሁ ብሎ የመጨረሻ ቃሉን ልኳል። ሂድ ስለው መርጋ የሚመልስልኝ ያንኑ የእኔን ቃል ነው፤ «አንቺ አይደለሽ ቁም ያልሽኝ?» ይለኛል። በቤቴ ውስጥ እመላለሳለሁ፤ እቀመጥና እነሣለሁ፥ እነሣና ደጁን አያለሁ። የእናት ቃል አንድ ጊዜ ያሰረውን ሁለተኛ ጊዜ መፍታት አቃተው።

ስለዚህ ክቡር ሆይ፥ ሥራ ይስጡልኝ አልልም፤ ይህን ያህል አላስቸግርዎም። የምለምነው «የለም» እንዲሉልኝ ብቻ ነው። በደጅዎ ላይ ቆመው፥ ልጄ እየሰማ፥ መርጋ ጆቴ፥ ለአንተ ሥራ የለም፥ ለከርሞም አይኖርም ይበሉት። ያዝናል፤ ግን በማግስቱ መንገድ ይጀምራል። ቸርነትዎ ለሁሉ ተስፋ እንደሰጠ አውቃለሁ፤ ለእኔ ልጅ ግን ይንፈጉልኝ።

በተረፈ አጥርዎ እንዲጸና፥ ጎተራዎ እንዲሞላ፥ ደጅዎም ቋሚ እንዳያጣ እየተመኘሁ፥ እስከ መሬት እጅ የምነሣው፥ ድንጋይዎን አንድ ቀን የመሸከም ክብር ያገኘሁ

ባልቴቷ ዲንቄ፥ የጆቴ ሚስት፥ የመርጋ እናት።

የተረሳ ነገር፤

ደብዳቤውን ሳላሽግ አንድ ሐሳብ መጣልኝና መርጋን፥ ሂድና እረስ፥ ተራህን እኔ እይዝልሃለሁ አልሁት። እንዲህ ሲሆን እሺ አለ፤ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ወደ አቦምሳ ወጣ። ፋዲላም ይህን ሰምታ ልጇን ወደ ዘመዶቿ እርሻ ልካለች። ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ ሁለታችንም ተከናንበን በልጆቻችን ቦታ እንቆማለን፤ ሌሎችም እናቶች እየጠየቁን ነው። አጥሩ ትንሽ ይዘገያል እንጂ ሌላ የሚለወጥ ነገር እንደሌለ ከልምድ አውቃለሁ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ድንገት ሳያስቡት ሥራው የተገኘ እንደሆነ፥ ተራው የደረሰው ጫኝ እኔ ነኝ። ፊቴንም ለይተው ያውቁታል።